ካርቦን ልግዛ ወይስ ተራውን? ጉዳት ለሚሰጋ የድሬና የሐረር ሯጭ

ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ውሃ ስንጠጣ፣ አብረውኝ ከሚሮጡት ልጆች አንዷ ስልኳን አቀበለችኝ። ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ የላከላት የጫማ ፎቶ ነው፤ ሶሉ እንደ ዳቦ ያበጠ፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ። «እትዬ፣ ይሄን ካርቦን ልግዛ ወይስ ተራውን? አንዱ እግር ይሰብራል ይለኛል፣ ሌላው ከጉዳት ያድናል ይላል» አለችኝ። የተጠየቀችው ዋጋ እናቷ በሁለት ወር የምታገኘው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም።

ሳላዞር ልናገር። ካርቦኑ፣ ማለትም ሶሉ ውስጥ ስስ ካርቦን የተቀበረበት የሩጫ ጫማ፣ በራሱ እግር ሰባሪ አይደለም፤ ከጉዳት የሚያድን መድኃኒትም አይደለም። የሚያደርገው ጫናን ከአንዱ የእግር ክፍል አንስቶ ለሌላው ማሸከም ነው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ከማለታችን በፊት የእግራችን ደካማ ጎን የት እንደሆነ፣ ጫማውን በሳምንት ስንት ቀንና በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደምናደርገው ማወቅ አለብን። ለእሷ ቁጭ ብዬ ያስረዳሁትን ነው እዚህ የማሰፍረው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶሉ ውስጥ ያለው

የዛሬው ዓይነት የካርቦን ጫማ በዓለም የታወቀው በ2017 ናይክ ቬፐርፍላይን ሲያወጣ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ሞንዛ ላይ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለመግባት ሙከራ ሲደረግ፣ ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጋር የእኛው ሌሊሳ ዴሲሳና ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ ሮጠዋል። ኪፕቾጌ 2:00:25 ገባ። ከዚያ በኋላ ያለ ካርቦን ጫማ ትልቅ የጎዳና ውድድር የሚያሸንፍ ሰው ማየት ብርቅ ሆነ።

ሶሉ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ በጣም ቀላልና ነጣሪ ፎም ነው። ሌላው በፎሙ መሐል የተቀበረ፣ እንደ ማንኪያ የጎበጠ፣ ስስና ጠንካራ ካርቦን ነው፤ ሯጮች ፕሌት ይሉታል። ኮሎራዶ ውስጥ 18 ፈጣን ሯጮች ሲለኩ፣ ቬፐርፍላይን አድርገው ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ምስጋናው ሁሉ ለካርቦኑ ሆነ። ኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የዚያኑ ጫማ ፕሌት ቆራርጠው ሯጮቹን እንደገና ሲለኩ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ሆነባቸው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ፎሙ ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ገበያው ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

ጫናው ወዴት ይሄዳል?

መሬቱን ገፍተን ስንነሳ ጣቶቻችን ከሥራቸው ይታጠፋሉ። ጠንካራ ፕሌት ያን መታጠፍ ይቀንሰዋል። የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ለደረቀበት ወይም ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሐኪሞችም ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ጠንካራ ሶል ያዝዛሉ። ፎሙ ደግሞ ለባት ይራራል። ረጅም በሮጥን ማግስት ደረጃ ስንወርድ የሚሰማን ያ መቆራመድ በእነዚህ ጫማዎች ሲቀንስ እኔም አይቻለሁ፣ ልጆቹም ይነግሩኛል። «ከጉዳት ያድናል» የሚሉት ሰዎች ከባዶ ሜዳ አልተነሱም።

ግን የለመደው ክፍል ያልተሸከመውን ሌላው ይሸከመዋል። በ2023 አንድ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪሞች አምስት ሯጮችን ጠቅሰው ጻፉ። አምስቱም የካርቦን ጫማ ያደርጉ ነበር፣ አምስቱም የተጎዱት አንድ አጥንት ላይ ነው፤ ናቪኩላር ይባላል። ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት፣ በውስጠኛው በኩል፣ የእግራችን ቅስት ጫፍ ላይ የተቀመጠ ትንሽ አጥንት ነው። መሐሉ ላይ የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ አንዴ ከተሰነጠቀ ለመዳን ያስቸግራል።

ይህ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ «ካርቦን እግር ይሰብራል» የሚለው ወሬ ገነነ። አምስት ሰው አምስት ሰው ነው። ያንኑ ያህል እየሮጡ ተራ ጫማ ካደረጉ ሯጮች ጋር የተነጻጸሩ አይደሉም። ሐኪሞቹም ያሉት አትግዙ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ ልመዱ ነው። እኔ ግን ነገሩን በዋዛ የማላልፈው በራሴ እግር ስላየሁት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ የካርቦን ጫማ ገዛሁ። ለውድድር ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ምቾቱ አታለለኝ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማክሰኞም፣ ሐሙስም፣ ቅዳሜም እሱን ሆነ የማጠልቀው። በሰባተኛው ሳምንት ደንገጎን ቁልቁል ወርጄ ስጨርስ፣ በግራ እግሬ ላይ የጫማ ክር የሚታሰርበት ቦታ አካባቢ ድፍን ያለ ሕመም ተሰማኝ። በጣቴ ስጫነው የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚያመኝ። ሳርፍ ይጠፋል፤ ስሮጥ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ይመጣል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፣ «ምንም የለም» ተባልኩ፣ ቅባት ይዤ ተመለስኩ። ሩጫውንም ቀጠልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መርገጥ አቃተኝ። ኤም አር አይ ስነሣ ናቪኩላሩ መሰንጠቅ ጀምሯል። ስምንት ሳምንት በክራንች ሄድኩ፤ ወደ ሩጫ ለመመለስ ደግሞ ከዚያ በላይ ፈጀብኝ።

ያን ጉዳት ጫማው አመጣው ብዬ መማል አልችልም። በዚያው ወር የሳምንት ኪሎ ሜትሬን ከ50 ወደ 80 አድርሼው ነበር፣ ጾምም ነበር። ግን ሁሉም ባንድ ላይ ሲገጥም አጥንቱ አልቻለም። ከዚህ አንድ ነገር ውሰዱ፦ እዚያች ነጥብ ላይ በጣት ሲጫኑት የሚያም ሕመም ካለ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም አትመኑት። የናቪኩላር ስንጥቅ ከራጅ ብዙ ጊዜ ይሰወራል። ኤም አር አይ ወይም ሲቲ ስካን እስኪነሣ ድረስ ሩጫ ይቁም።

ከጫማው በፊት

ልጅቷ ስለ ጫማ ስትጠይቀኝ እኔ በፊት የጠየቅኳት ስለ ቁርሷ ነው። ደነገጠች። ነገር ግን አጥንት በእረፍትና በምግብ ነው የሚጠገነው። የምታወጣውን ያህል የማትበላ ሯጭ የቱንም ጫማ ብታደርግ አጥንቷ ይሳሳል። የወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረባት ልጅ «ስልጠናው ጠንክሮብኝ ነው» ብላ ዝም ማለት የለባትም፤ ሰውነቷ ምግብ አነሰኝ እያለ ነውና ሐኪም ዘንድ ትሂድ። በእኛ አገር ደግሞ በርጫ አለ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ከሰዓት ተቀምጦ ራቱን የዘለለ ወጣት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 15 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ለካርቦን የሚቆጥበው ብር ለፉል፣ ለእንቁላልና ለግመል ወተት ቢውል ከጉዳት ይበልጥ ይጠብቀዋል።

ምርጫዎቹን እናወዳድር

ፕሌት የሌለው ተራ የልምምድ ጫማ ለአብዛኛው ሰው፣ ለአብዛኛው ቀን የሚበቃው ነው። እግር እንደ ተፈጥሮው ይታጠፋል፣ የውስጥ እግር ጡንቻና ባት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሶሉ ሰፋ ስለሚል ኮሮኮንች ላይ አይገለብጥም። ምን ያህል ይለስልስ? ሉክሰምበርግ ውስጥ ከ800 በላይ ሯጮች ለስድስት ወር ክትትል ሲደረግላቸው፣ ደረቅ ሶል የደረሳቸው ለስላሳ ሶል ከደረሳቸው ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ደስ የሚለው ነገር፣ የለስላሳው ጥቅም ጎልቶ የታየው ቀለል ያለ ክብደት ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ የእኛ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ስለዚህ «ደረቅ ጫማ እግር ያጠነክራል» የሚለውን የድሮ ምክር እኔ ትቼዋለሁ።

የናይለን ፕሌት ያለው መሐል ቤት ነው። እንደ ሳኮኒ ኢንዶርፊን ስፒድ ያሉት ፎማቸው ነጣሪ ነው፣ ፕሌታቸው ግን ከካርቦን ይልቅ ይታጠፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ፍጥነት ለሚሠራ፣ ካርቦንን ለመልመድም ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ድሬ ገበያ ላይ አዘውትሮ አለመገኘቱ ነው። ካገኛችሁት አትለፉት።

ካርቦኑ የውድድር ጫማ ነው። ለውድድርና ለውድድር መሰል ቀን ይሁን። አምራቾቹም የሚያስቡት እንዲያ ነው፤ በ2023 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር ሆኖ አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶን የተሠራ ነው ብሎ ነው የሸጠው። ይህን የመሰለ ጫማ ጠዋት ጠዋት ለሚደረግ ሶምሶማ ማዋል የሠርግ ልብስ ለብሶ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ካርቦኑ የሚጠቅመው አውራ ጣቱ ለሚያስቸግረው፣ ባቱ ቶሎ ለሚደክም፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለማቋረጥ ለሮጠና በፍጥነት ለሚወዳደር ሰው ነው። ከዚህ በፊት የእግሩ አጥንት የተሰነጠቀበት፣ ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ የሚወለምበት፣ ሩጫ ከጀመረ ወራት ብቻ የሆነው ሰው ይቆይ።

ስንት ቀን ለምትሉኝ፣ የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አስፋልት ላይ። ለአራት ሳምንት ከዚያ አያልፍም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በሳምንት ከአንድ ጠንካራ ልምምድ አይበልጥም፤ በዚያው ሳምንት ኪሎ ሜትር አይጨመርም። አዲስ ጫማና አዲስ ጫና ባንድ ሳምንት አይገናኙ።

ሁለት ጫማ መግዛት የሚችል ሰው ሁለቱንም ተራ ቢገዛ፣ በአንድ ካርቦን ከሚኖር የተሻለ ነው ባይ ነኝ። እዚያው ሉክሰምበርግ 264 ሯጮች ለ22 ሳምንት ሲጠኑ፣ የተለያየ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት በአንድ ጫማ ብቻ ከሚሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ነበር። እግር በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካልተመታ ፋታ ያገኛል።

ለስታዲየም ትራክ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ለጎዳና ሩጫ የሶል ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ ፕሌትም አንድ ብቻ ይፈቅዳል። ትራክ ላይ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ወሰኑ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ያ ያበጠ ጫማ ለ5,000 ሜትር ውድድር አይሆንም። በጎዳናም ቢሆን ይለካል፤ በ2021 ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ገብቶ፣ ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዞበታል። ያን ያህል ለፍቶ በአንድ ሳንቲ ሜትር!

የእኛ መንገዶች

ከውጭ የሚመጣ ምክር የሚጻፈው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። የእኛን መሬት አያውቀውም።

ከዚራና ሳቢያን አካባቢ ያለው ቀጥ ያለ አስፋልት ለካርቦን ይመቻል። ኮብልስቶን ላይ ግን ከፍ ያለ፣ ለስላሳና ጠበብ ያለ ሶል ቁርጭምጭሚትን ይጠመዝዛል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ካርቦን አድርጎ መሮጥ እግርን ለውልምታ መስጠት ነው፤ እዚያ ዝቅ ያለ ተራ ጫማ ይሻላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሌላ ነው። አሸዋው የእግርን ግፊት ይውጠዋል፣ ፕሌቱ የሚመልሰው ነገር የለውም፣ ባት ግን እጥፍ ይሠራል። አሸዋ ላይ መሥራት የምትወዱ በአሮጌ ተራ ጫማ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሥሩ።

ደንገጎን ለብቻው ላንሳው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሙቀት የሸሹ ሯጮች ከላይ ሐሮማያ ሜዳ ላይ ይሠራሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቁልቁለቱን ይወዳል። ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ከሜዳው ይልቅ ይመታል፣ ጭንና ቅልጥም ፍሬን ሆነው ይሠራሉ። ካርቦን ሲጨመርበት ሳናስበው ፍጥነቱ ይጨምራል። እኔ የተጎዳሁት እዚያ ስለሆነ አዳልቼ ይሆናል፤ ቢሆንም የማሠለጥናቸውን ልጆች ደንገጎን በካርቦን እንዲወርዱ አልፈቅድም። ሲወጡ ግድ የለም፤ እዚያ ፍጥነቱም አነስተኛ ነው።

ገበያ ላይ

ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን እዚህ እናውጣው። እኛ ጋ የሚገኘው ካርቦን አብዛኛው ያገለገለ ነው ወይም ፎርጂድ ነው። ፎሙ ከፕሌቱ በፊት ይሞታል። እነዚያ ነጣሪ ፎሞች 450 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሮጠባቸው በኋላ ሲለኩ በተራው ፎም ላይ የነበራቸው ብልጫ ጠፍቶ ተገኝቷል። ካርቦኑ ግን እንደ ደረቀ ይቆያል። ከላይ የሚያነጥረው ሞቶ፣ ከታች የማይታጠፈው ሲቀር፣ ጥቅሙ ሄዶ ጫናው ብቻ ይተርፋችኋል። ከሁሉም ምርጫዎች እኔ በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ከላይ ሲታይ ደግሞ አዲስ ይመስላል፤ ነጋዴው በብሩሽ አጥቦ፣ ክር ቀይሮ ያቀርበዋል።

ስለዚህ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ በኩል ዝቅ ብላችሁ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረጋገጥ ተቀርጾበታል፣ ተዉት። የፎሙን ጎን ተመልከቱ፤ እንደ አሮጌ ትራስ የተሸበሸበ መስመር ካለው አልቋል። በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ቶሎ ካልተመለሰ እሱም አልቋል። ፎርጂዱን የሚያጋልጠው ክብደቱ ነው። እውነተኛው የውድድር ጫማ አንዱ እግር 200 ግራም ገደማ ነው። እኔ ቀፊራ ቲማቲም የምትሸጥ ወዳጄ ሚዛን ላይ አስመዝናለሁ፤ ባለፈው አንድ «ኦርጅናል» የተባለ ጫማ 340 ግራም መዘነ፣ ሶሉ ሲታጠፍ ደግሞ እንደ ነጠላ ጫማ እጥፍ አለ። ካርቦን ተብሎ የተሸጠው ጥቁር ቀለም ብቻ ነው።

ልጅቷ በፎቶ ያሳየችኝን ጫማ ሰኞ አብረን ሄደን አየነው። ከኋላ ሲታይ የግራው ተረከዝ ወደ ውስጥ ወድቋል። መለስንለት። በገንዘቡ ሲሶ አዲስ፣ ለስለስ ያለ ተራ ጫማ ገዛች፤ ቀሪውን ለእናቷ መለሰች።

የውድድር ቀንስ? ቡድናችን ውስጥ አንድ ጤነኛ የካርቦን ጫማ አለ፣ ቁጥሩ 39፣ ሦስት ልጆች ልክ ይሆናቸዋል። በካርቶኑ ክዳን ላይ ማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠበት በእስክሪብቶ ይጻፋል። እስከ ትናንት 186 ደርሷል። እሑድ ተራው የእሷ ነው፤ ሃያ ደቂቃ፣ አስፋልት ላይ።